የገደሉ ሰሞነኛ

የመጨረሻው ደህና ቀን ማክሰኞ ነበር።

እኔና አያ፣ ማያ ድንጋይ በምንለው ቋጥኝ ላይ ተቀምጠናል። ከእግራችን በታች ገደል ነው፤ ከገደሉ በታች ጉም ነው፤ ከጉሙ በታች ያለውን በዚያ ሰዓት ማንም አያየውም። መስከረም ገብቷል፤ ዝናቡ ግን ጨርሶ አልወጣም። ድንጋዩ ከሥራችን ይቀዘቅዛል። አያ ከአጠገቡ ጦስኝ ቀነጠበ፣ በሁለት መዳፉ መሐል አሸው፣ አፍንጫዬ ሥር አመጣው።

"እንካ፣ ቁርስህን ብላ።"

"ይሄማ ቅጠል ነው።"

"ለዋልያ ቁርስ ከሆነ ላንተ ምን ያንስሃል? ዝም በል አሁን። መቋሚያ እየወጣ ነው።"

መቋሚያ ሽማግሌ ዋልያ ነው። ሲቆም ቅዳሴ ላይ ተደግፎ እንደሚያንቀላፋ ደብተራ ስለሚቆም ነው እንዲህ የተባለው። እኔ በዚያ ዕድሜዬ ጺም ያላቸው ዋልያዎች ሁሉ ቄሶች ይመስሉኝ ነበር። ማለዳ ገደል ላይ ተሰልፈው ፀሐይ ሲጠብቁ የሚያስቀድሱ ይመስለኝና ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ።

አያ የምለው ታላቅ ወንድሜን አስማማውን ነው። አባታችን እኔ ነፍስ ሳላውቅ ስለሞተ ያሳደገኝ እሱ ነው። ደባርቅ እስከ አሥረኛ ክፍል ተምሮ ተመለሰና የገበሬ ማኅበራችን ጸሐፊ ሆነ። በደረት ኪሱ ሁለት እስክሪብቶ ይሰካል። አንደኛው አይጽፍም። "ታዲያ ለምን ትይዘዋለህ?" ስለው "ያኛው ብቻውን እንዳይሆን" ይለኛል።

ይህን ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ተነሥቼ ትቼዋለሁ። በቀደም ደባርቅ አውቶቡስ ስጠብቅ ሻይ አዘዝኩ፤ ጦስኝ ጣል አድርገውበት መጣ። አፌ አላስጠጋሁትም። አውቶቡሱንም ተውኩት። በማግሥቱ ወደ መንደራችን ወደ አፋፍ ወጣሁ። ማያ ድንጋይ ላይ አሥር ዓመት የሚሆናት ልጅ ኩርምት ብላ ተቀምጣለች።

"ስንት ዋልያ አየሽ?" አልኳት፣ ሆን ብዬ።

ባለጌ ሰው እንደሚታይ አየችኝ። "አይቆጠርም እኮ" አለች።

ደስ አለኝ። ትንሽም አለቀስኩ፤ ዘወር ብዬ ነው።

አፋፍ ከሳንቃ በር የግማሽ ቀን መንገድ ናት። ከገደሉ አናት ዝቅ ብሎ ጓሳ የሚበቅልበት ሰፊ እርከን አለ። ጓሳ ቤት የምንከድንበት፣ ገመድ የምንገምድበት ሣር ነው፤ ያለ ጓሳ በእኛ አገር ጣራ የለም። ነገር ግን ከፍልሰታ ፍቺ እስከ ኅዳር ሚካኤል ድረስ ማንም አያጭደውም፣ ፍየልም አይወርድበትም። ዋልያ የምትወልደው በዚያን ጊዜ፣ በዚያ እርከን ላይ ነው። የደብራችን ቄስ አባ ጥሩነህ መስቀላቸውን ይዘው አናቱ ላይ ይቆሙና ይገዝቱታል። መውረጃው ላይ ባሉት የአስታ ቁጥቋጦዎች ላይ የጓሳ ቋጠሮ ይታሰራል። ያንን ቋጠሮ አልፎ የወረደ ሰው ምድጃው ቢጠፋበት እሳት የሚያውሰው ጎረቤት አያገኝም። እኔ እስከማውቀው ያለፈ የለም።

ከዚያ እያንዳንዱ ቤት በተራው አንድ አንድ ሳምንት ማያ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። በቤተ ክርስቲያን የሳምንቱን አገልግሎት የያዘው ካህን ሰሞነኛ ይባል የለም? በእኛም መንደር የገደሉን ሳምንት የያዘው ቤት ሰሞነኛ ይባላል። ፀሐይ ዘወር ስትል ሰሞነኛው ደጀ ሰላም ሄዶ በዕለቱ ያየውን ለአባ በስም በስሙ ይነግራል። "መቋሚያ ወጣ። እመ ብዙ ከነልጇ ደህና ናት። ቀንደ ሰባራን አላየነውም።" አባ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። አንዱ ከተዘለለ "እገሌስ?" ይላሉ። አዲስ የተወለደ ግልገል ሲኖር ስም የሚያወጣለት መጀመሪያ ያየው ሰው ነው። ይህን ሥርዓት ማን እንዳወጣው የሚያውቅ የለም። ፓርክ የሚባል ነገር ሳይመጣ ነበር።

ስም እንጂ ቁጥር የለም። ነፍስ ያለውን መቁጠር በእኛ ዘንድ ነውር ነው፤ ነውር ብቻም አይደለም፣ ያስፈራል። በጎቻችንን የምናውቃቸው በመልካቸው ነው። አንድ ጊዜ ከወረዳ የመጣ ሰው እማየን "ስንት ልጆች አሉሽ?" ብሎ ጠየቃት።

"አስማማውና ሲሳይ።"

"ስንት ናቸው ነው የምልሽ።"

"አስማማውና ሲሳይ አልኩህ ጌታው። ጆሮህን ያምሃል እንዴ?"

ለእኔ የመሰለኝ የተቆጠረ ነገር ያልቃል ነው። ጧፍ ሲቆጠር ያልቃል። የጾም ቀን ሲቆጠር ያልቃል። የክረምት ወር ሲቆጠር ያልቃል። ስለዚህ ሰውም ዋልያም ሲቆጠር ያልቃል ማለት ነው። ይህን ለማንም አልነገርኩም፤ ግልጽ ነገር ስለሆነ ሁሉም የሚያውቀው መሰለኝ።

ከወረዳ ደብዳቤ የመጣው ጳጉሜ ላይ ነው። አያ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ካለው ኮሶ ሥር ቆሞ ለሕዝቡ አነበበው። የፓርኩ ወሰን እንደገና ሊሰመር ነው። በአካባቢያቸው ዋልያ እየጠፋ ያለባቸው መንደሮች ተነሥተው ቆላ ይሰፍራሉ። ለዚህም መስከረም ላይ መዝጋቢ መጥቶ ቅጽ ይሞላል። ቅጹም አብሮ ተልኳል፤ ሣጥን ሣጥን የተሠራበት ወረቀት ነው። አያ ጣቱን አንዷ ሣጥን ላይ አደረገ።

"የዋልያ ብዛት ይላል። በዚች ሣጥን ሰረዝ ከገባ እኛ እንወጣለን።"

እኔ ወሰን የሚባለው ነገር ራሱ እየሄደ የሚመጣ መሰለኝ። ወሰኑ በእኛ በኩል ያልፋል ሲሉ ሰምቼ፣ ሲያልፍ ለማየት ሁለት ቀን ሙሉ ከአጥሩ ላይ አልወረድኩም።

የዚያን ዕለት አያና አባ ጥሩነህ ኮሶው ሥር ተከራከሩ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጋሽ ሙጬ ረጅም ጺሙን እያፍተለተለ መሐላቸው ተቀምጧል።

"አባ፣ የሚፈልጉት ቁጥር ነው። ዝም ካልናቸው የለም ብለው ይጽፋሉ" አለ አያ።

"እንዳሉ እንነግራቸዋለን።"

"አሉ ማለት ሣጥን አይሞላም።"

"ዳዊት ሕዝቡን ቢያስቆጥር ምን እንደወረደ አንተም አንብበሃል።"

"አንብቤያለሁ። ዳዊትን ግን ከአገርህ ተነሥ ያለው የለም።"

ሰው ሳቀ። አባም ከጺማቸው ሥር ትንሽ ሳቁ መሰለኝ። ከዚያ መቋሚያቸውን አንሥተው ተነሡ።

"አንተ ልጅ ነገር ታውቃለህ። አይቆጠሩም።"

አያ ግን ተስፋ አይቆርጥም። የእኛ ቤት ሰሞን መዝጋቢው በሚመጣበት ሳምንት ላይ ደረሰ፤ ሰኞ ገባን፣ መዝጋቢው ሐሙስ ይመጣል። ማክሰኞ ጠዋት ወደ ማያ ድንጋይ ስንወጣ መንገድ ላይ ጠጠር አስለቀመኝ።

"እኔ እንደ ወትሮው ስም እጠራለሁ። አንተ ለእያንዳንዱ ስም አንድ ጠጠር ወደ ኪስህ ጨምር።"

"መቁጠር ነው እኮ!"

"እኔ ቆጠርኩ? አልቆጠርኩም። አንተስ? አልቆጠርክም። ኪስህ ነው የቆጠረው። ኪስ ደግሞ ነፍስ የለውም።"

ይህ ለእኔ በጣም ትክክል ሆኖ ታየኝ።

ጉሙ እየተገለጠ ሲሄድ አያ ይጠራል። መቋሚያ። ጠጠር። እመ ብዙ። ጠጠር። ዳዊት ደጋሚ፤ ቀኑን ሙሉ ሲያመሰኳ አፉ ስለማያርፍ ነው። ጠጠር። ከዚያ ሌሎቹን ከሣሩ እያባረረ ብቻውን የሚበላ፣ ጺሙ ደረቱን የሚነካ አንድ ትልቅ ወንድ አለ። ስሙን ያወጣለት አያ ነው፤ ሊቀመንበር ይባላል። መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ ጋሽ ሙጬ ብቻ አያውቅም እንላለን። ጠጠር።

"ጦስኝ አልታየችም" አለ አያ። ጦስኝ ከሁሉም የምወዳት ናት፤ ከማያ ድንጋይ ሥር የበቀለውን ጦስኝ ልትበላ እስከ አጠገባችን የምትመጣ እናት ዋልያ ናት። "ደርሳለች። ዛሬ ካልወለደች ነገ ነው።"

ድንጋዩ ላይ በሆዱ ተኛና አንገቱን ወደ ገደሉ አሰገገ። እኔ ቁርጭምጭሚቱን ያዝኩ፤ ሁልጊዜም እንዲህ ነው የምናደርገው። ግራጫ ጋቢው ጀርባው ላይ ተቆልሎ፣ ራሱ ወርዶ፣ ከኋላ ሲያዩት ራሱ ዋልያ ይመስል ነበር። ሳቄ መጣ። በአንድ እጄ ከጦስኙ ሥር አንዲት ነጭ ጠጠር አነሣሁና ኪሴ ጨመርኳት። ለአያ ነው። አልነገርኩትም። ለጨዋታ ነው ያደረግኩት።

ከሰዓት ደጀ ሰላም ሄድን። አያ ስም ጠራ፣ አባ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ከዚያ ዓይናቸውን ሳይገልጡ "ሲሳይ" አሉኝ። "ኪስህ ውስጥ የሚንኳኳው ምንድን ነው?"

"ጠጠር ነው አባ። ለገበጣ።"

"ለገበጣ" አሉ። አሁን ዓይናቸውን ገለጡና አያን አዩት። አያ በረባሶውን ያያል። "ገበጣ ጥሩ ጨዋታ ነው። ብቻ የራስህ ያልሆነውን ጠጠር እንዳታነሣ።"

ወደ ቤት ስንመለስ አያ እያፏጨ ነበር። "ሐሙስ ቁጥሩን ለመዝጋቢው እነግረዋለሁ። አባ ይቆጡኛል። ይቆጡኝ። ቤታችን ከቆመ ይቆጡኝ።" ከዚያ አንገቴን በክንዱ አንቆ ራሴን በጡጫው እያሸ እስከ በራችን ጎተተኝ። እማየ ከውስጥ "ልጁን ልቀቀው፣ ትገድለዋለህ!" ትላለች። እኔ እየጮህኩ እስቃለሁ። ጦስኝ ጦስኝ ይሸታል እጁ።

ማክሰኞ ይህ ነበር። ሌላ ምንም አልሆነም።

ረቡዕ ስነቃ የአያ ጋቢ እላዬ ላይ ነው። "ጉም ስለሆነ ልጁን አትቀስቅሺው ብሎኝ ሄደ" አለች እማየ። በኮቱ ብቻ ነው የሄደው። ረፋድ ላይ ቆሎ በጨርቅ ቋጠረችና አድርስለት አለችኝ።

ማያ ድንጋይ ስደርስ አያ የለም። የጸሐፊነት ደብተሩ በላስቲክ ተጠቅልሎ ጦስኙ ሥር ተቀምጧል። ዱላው አጠገቡ አለ። የማይጽፈው እስክሪብቶ ደብተሩ ላይ ተሰክቷል። አያ መደበቅ ይወዳል። ብዙ ጊዜ ከአስታው ኋላ ዘሎ ወጥቶ አስደንግጦኛል።

"ውጣ፣ አይቼሃለሁ!" አልኩ። አላየሁትም።

ከአስታው ኋላ የሚንቀሳቀስ የለም።

እንዲህ ሲሆን የሚያስወጣው ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ቁጭ አልኩና ቆሎውን ፈታሁ። "እበላብሃለሁ!" አልኩ። ትንሽ በላሁ። "ሽምብራውን ለቅሜ ጨረስኩልህ!" ሽምብራውን ነው የሚወደው። አልወጣም። እየበላሁ፣ እየጠራሁ፣ እየሳቅኩ ግማሽ ያህሉን በላሁ።

ጋሽ ሙጬ ስለ ነገው መዝጋቢ ሊያነጋግረው ሽቅብ መጣ።

"አስማማው የታል?"

"ተደብቋል።"

ጋሽ ሙጬ ደብተሩን አየ። ዱላውን አየ። ከዚያ የድንጋዩን ጫፍ አየ፤ ድንጋዩን የሸፈነው አረንጓዴ ነገር በአንድ በኩል ተልጦ ነበር። ፊቱ ላይ የሆነውን አልረሳውም። ጎንበስ ብሎ ትከሻዬን ያዘኝ።

"ሲሳይ፣ የኔ ጌታ፣ አንተ ወደ እናትህ ሂድ።"

"ቆሎውስ?"

"ያዘው።"

ከገደሉ ሥር በጓሳ ገመድ ነው ያወጡት። ራሱ ባለፈው ዓመት የገመደው ገመድ ነበር አሉ፤ እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም። ከሰዓት ተቀበረ። አባ ጥሩነህ ከቀብሩ በፊት፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ ሁለት ሰው ይዞ እየደገፋቸው ወደ ገደሉ መውረጃ ሄዱ። ተመልሰው እማየ በምትሰማበት ቦታ ቆሙና ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

"ቋጠሮው እንደታሰረ ነው። ልጃችን ግዝቱን አላለፈም።"

እማየ ራሷን ነቀነቀች። ከኋላ ከተቀመጡት ሴቶች አንዷ ለጎረቤቷ "መቁጠሩ ነው የወሰደው። ልቆጥር ልቆጥር ሲል አልነበር?" ስትል ሰማኋት። አባም ሰሟት።

"ድንጋዩ እርጥብ ነበር" አሉ። "ሌላ ነገር የለም። ድንጋዩ እርጥብ ነበር።"

እኔ ግን እጄ ኪሴ ውስጥ ነበር። ከሁሉም ጠጠር እሷ ለስላሳ ስለሆነች ሳላያት አውቃታለሁ። አያን የቆጠርኩት እኔ ነኝ። ዋልያዎቹን ኪሴ ቆጠራቸው፤ አያን ግን ራሴ ነኝ። ለማን ይነገራል ይህ? እማየ እቅፍ ስታደርገኝ ጠጠሮቹ እንዳይንኳኩ ትንፋሼን ያዝኩ።

ሐሙስ ጠዋት ተነሥቼ በረባሶዬን አጠለቅኩ። ቤቱም ደጁም ለቀስተኛ ነው። እማየ ከሴቶቹ መሐል ሆና አየችኝ።

"ወዴት ነህ?"

"ሰሞናችን ነው።"

አንዲት ዘመዳችን "ኧረ ሌላ ቤት ይተካቸዋል፣ ይቅር ይሄ ልጅ!" አለች። እማየ ረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ የአያን ጋቢ አነሣችና ሁለት ጊዜ አጥፋ እላዬ ላይ ጠመጠመችው።

"ከጫፉ ራቅ በል" አለች። "ጦስኙ ጋ ተቀመጥ።"

ጦስኙ ጋ ተቀመጥኩ። ጉም አልነበረም፤ ሰማዩ የታጠበ ነበር። መቋሚያ ወጣ። እንደ ወትሮው ቆመ። ምንም እንዳልሆነ ሆኖ መቆሙ አናደደኝ። ከዚያ አንድ በአንድ ሌሎቹ መጡ፤ በልቤ ስማቸውን እየጠራሁ ያዝኳቸው። ጠጠሮቹን ከኪሴ አውጥቼ መንገዱ ላይ በተንኳቸው። ነጯን ግን ልጥላት ስል እጄ እምቢ አለኝ። አያን መጣል መሰለኝ። መልሼ ኪሴ ከተትኳት። ልነሣ ስል ከእርከኑ ጥግ ጦስኝ ብቅ አለች። ከኋላዋ እግሩ የሚንቀጠቀጥ፣ ፀጉሩ ገና በደንብ ያልደረቀ ግልገል አለ።

ሮጥኩ።

ደጃችን ስደርስ ሁለት በቅሎ ታስሯል። መዝጋቢው መጥቷል። ኮፍያውን አውልቆ ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ቅጹን በካርቶን ላይ ዘርግቶ፣ ከአባ ጥሩነህና ከጋሽ ሙጬ ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ጋሽ ሙጬ "ይህን የሚሞላልን ልጅ ትናንት ቀበርነው" እያለው ነው።

"እግዜር ያጽናችሁ" አለ መዝጋቢው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የደከመው ሰው ነበር። "እኔም ወድጄ አይደለም በለቅሶ ላይ የምጠይቃችሁ። ነገ ማስረከብ አለብኝ። የዋልያ ብዛት ስንት ልበል?"

አባ መሬት መሬት ያያሉ።

"ካልተናገራችሁ እንግዲህ ሰረዝ ነው የማደርግበት።"

ሰረዝ ሲል የአያን ጣት አየሁት፣ ሣጥኗ ላይ። ሰዎቹን አልፌ ሄድኩና ደጀ ሰላም እንደምንቆመው አባ ፊት ቆምኩ።

"አባ፣ ሰሞነኛ ነኝ።"

አባ ቀና አሉ። ጋቢውን አዩት። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"ተናገር ልጀ።"

"መቋሚያ ወጣ።"

መዝጋቢው "ምንድን ነው የሚለው?" አለ።

"የዕለቱን ይነግረኛል" አሉ አባ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። "ልጁ ስም ይጠራል። እርስዎ በወረቀትዎ የፈለጉትን ያድርጉ። እኛ አንቆጥርም።"

"እመ ብዙ ከነልጇ ደህና ናት" አልኩ። "ዳዊት ደጋሚ አለ። ቀንደ ሰባራም ዛሬ መጥቷል።"

መዝጋቢው እስክሪብቶውን አነሣና ከሣጥኗ ጎን፣ ባዶው ላይ፣ አንድ መስመር አሰመረ። ሌላ። ለእመ ብዙ ሁለት። እኔ እጠራለሁ፣ እሱ ያሰምራል። ድምፄ ሲቆራረጥ ይጠብቀኛል።

"ሊቀመንበር አለ።"

እስክሪብቶው ቆመ። "ማን?"

ያን ጊዜ ነው ምን እንዳልኩ የገባኝ። የአገሪቱ መሪ ሊቀመንበር በሚባልበት በዚያ ዘመን፣ በዚያ ቃል የሚቀልድ ሰው ምን እንደሚሆን ልጆችም እናውቅ ነበር።

ጋሽ ሙጬ ጉሮሮውን ጠረገ። "እኔን ነው" አለ። ጺሙን ያዘ። "ሌሎቹን እያባረረ ብቻውን የሚበላ፣ እንዲህ ያለ ጺም ያለው አንድ ዋልያ አለን። ያ የተቀበረው ልጅ ነው በእኔ ያወጣለት። እኔ የማላውቅ ይመስላቸዋል።" ከዚያ ሳቅ አመለጠው፤ ሳቁ መሐሉ ላይ ተሰበረና ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ሴቶቹም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። እማየ ከለቅሶዋ መሐል ስትስቅ አየኋት። መዝጋቢው ምንም ሳይል አንድ መስመር አሰመረ።

ጠራሁ፣ ጠራሁ። አንዲት ስዘል አባ "ሙሽራስ?" አሉ። "ሙሽራም አለች።" መጨረሻ ላይ "ጦስኝ ወልዳለች" አልኩ።

"እሰይ!" አለ አንድ ሰው፣ ለቅሶ መሆኑን ረስቶ።

"ያየኸው አንተ ነህ። ስሙን ማን አልከው?" አሉ አባ።

"አላወጣሁም።"

"ለምን?"

"አያ ትናንት ቀድሞኝ አይቶት ከሆነስ? ስም አውጥቶለት ከሆነስ?"

መዝጋቢው ነው ቀስ ብሎ የጠየቀኝ። "እንግዲያስ ያለ ስም ላስገባው?"

"ያስገቡት። ስም አለው። እኛ አናውቀውም እንጂ።"

ለእናትየዋ አንድ፣ ለግልገሉ አንድ አሰመረ። በእስክሪብቶው ጫፍ መስመሮቹን አንድ በአንድ ነካካና አፉን ሊከፍት ሲል አባ እጃቸውን አነሡ።

"ለእኛ አይንገሩን።"

አፉን ዘጋ። ሣጥኗ ውስጥ ጻፈ። ምን እንደጻፈ አላየሁም፤ ሰረዝ ግን አልነበረም። ከዚያ ቅጹን ገለበጠና ጋሽ ሙጬን ጠየቀው።

"ይህን ጥበቃ ማን አዘዛችሁ?"

"ማንም አላዘዘንም።"

"ማንም ብዬ መጻፍ አልችልም።"

ጋሽ ሙጬ ፊቱን ጠረገ። "እንግዲያስ እኛ ብለው ይጻፉ።"

መዝጋቢው በቅሎው ላይ ሲወጣ ሰው ሁሉ ወደዚያ ሲያይ አባ ጠሩኝ።

"ገበጣህስ?"

"ጣልኳቸው አባ።" ኪሴን ያዝኩ። "አንዷ ቀረች።"

"የማን ናት?"

"የአያ።" ከዚያ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ወጣ፤ ቁርጭምጭሚቱን መያዜ፣ ሳቄ፣ ነጯ ጠጠር።

አባ አገጬን በሁለት ጣታቸው ይዘው ቀና አደረጉኝ።

"ድንጋዩ እርጥብ ነበር፣ ልጀ። ስሰማህ ነው የዋልሁት፣ አሁን አንተ ስማኝ። ድንጋዩ እርጥብ ነበር። ጠጠሯን ካነሣህበት መልሳት።"

ወደ ማያ ድንጋይ ተመልሼ ወጣሁ። ጦስኙን ገለጥ ሳደርገው ያነሣኋት ቦታ ጎድጎድ ብሎ እንደነበረ አለ። ጠጠሯን አስገባሁበት፤ ልክ ገባች። ቅጠሉን መለስኩበት። እጄን አሸተትኩት።

ፀሐይ ገና ዘወር አላለችም፤ ሰሞናችንም አላለቀም ነበር። የአያን ጋቢ ጠቅለል አድርጌ ተቀመጥኩ።